ያለ ቀኑ የተወለደው ልጄ፦ ፈርሜ ላውጣው ወይስ ቤቴን ልሽጥ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የ36 ዓመት ሰው ነኝ። ሞባይልና ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ፒያሳ የነበረን ሱቅ ከተነሳ ወዲህ ስታዲየም አካባቢ ከጓደኛዬ ጋር በደባልነት አንዲት ጠባብ ክፍል ይዘን እንሠራለን። የምንኖረው ተክለ ሃይማኖት፣ እናቴ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቴ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለችን።

ከሦስት ሳምንት በፊት የባለቤቴ ደም ግፊት በድንገት ጨመረ። ገና 29 ሳምንቷ ነበር። ሌሊት ነው። የሄድንበት የመንግሥት ሆስፒታል የጨቅላ ክፍል አልጋ የለም አሉን። ወደ አንድ የግል ሆስፒታል ሮጥን። በኦፕራሲዮን ወለደች። ወንድ ልጅ ነው፤ 1 ኪሎ ከ150 ግራም። ሙቀት ክፍል ገባ። በአፍንጫው አየር የሚገፋ ማሽን ተደረገለት። ኢንፌክሽን አለ ተብሎም መድኃኒት ተጀመረለት። ማሽኑ የወጣለት ከአራት ቀን በፊት ነው። አሁን በቱቦ ወተት ይሰጡታል፤ 1 ኪሎ ከ280 ሆኗል ብለውናል።

ችግሩ ገንዘብ ነው። መጀመሪያ 150 ሺህ ብር አስያዝን። ከዚያ በየቀኑ ከ12 ሺህ ብር በላይ ይቆጥራል። መድኃኒትና ላብራቶሪ ሲጨመር ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ያጠራቀምነው አለቀ። የባለቤቴን ወርቅ ሸጥን። ከጓደኞቼ ተበደርኩ። ባለቤቴ የማታውቀው ደግሞ ከአንድ ሰው 100 ሺህ ብር በወር አሥር በመቶ ወለድ ወስጃለሁ። ትናንት ሒሳብ ክፍል ጠርተው «ተጨማሪ ካላስያዝክ እንቸገራለን» አሉኝ።

ቦሌ አራብሳ በዕጣ የደረሰን ኮንዶሚኒየም አለን። አከራይተነው በኪራዩ የባንኩን ዕዳ እንከፍላለን። አማቴ «ሽጡት፤ ቤት ይገኛል፣ ልጅ ግን አይገኝም» ይላሉ። ደላላው ግን አምስት ዓመት ስላልሞላው በውክልና ነው የሚሸጠው ብሎ ዋጋ ጣለብኝ። እናቴ ደግሞ «ይህቺ ልጅህስ ነገ ምን ልትበላ ነው? ፈርመህ አውጣው። ክርስትና ሳይነሳ እዚያ መስታወት ውስጥ እንዳይቀርብኝ። የሰባት ወር ልጅ እኮ ያድጋል» ትላለች። የወንድሜ ሚስት ፎቶውን አንስተን ቲክቶክ ላይ እርዳታ እንጠይቅ አለች። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ አለቀሰች።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎት። ባለፈው ሳምንት ማታ ስልኬ ጠራ፤ የሆስፒታሉ ቁጥር ነው። ከማንሳቴ በፊት «ሞቶ ከሆነስ» ብዬ አሰብኩ። ለአንድ አፍታ ቀለል አለኝ። ለካ የደወሉት መድኃኒት እንድገዛ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጄን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ምን ዓይነት አባት ነኝ? ምን ላድርግ? ፈርሜ ላውጣው? ቤቱን ልሽጠው?

ጭንቅ ውስጥ ያለ አባት፣ ከተክለ ሃይማኖት

መልስ

ወንድሜ፣ እንኳን ማርያም ማረችልህ። ይህን ያለህ ሰው ብዙ አይመስለኝም። ልጅ ያለ ቀኑ ሲወለድ ጎረቤት እንኳን የሚለው ይጠፋዋል። እልል አይባል፣ ገንፎ አይገነፋ፤ ሁሉም «እግዜር ያውቃል» ብሎ ያልፋል። አንተ ግን ወልደሃል። ባለቤትህም ከዚያ ግፊት ተርፋለች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከስልኩ ልጀምር፤ ደብዳቤውን ያጻፈህ እሱ ይመስለኛል። ያን ቁጥር ስታይ ልብህ ሁለት ነገር አሰበ። አንዱ ልጄን አጣሁ የሚል ድንጋጤ ነው። ሌላው በየቀኑ የሚቆጥረው ብር ሊቆም ነው የሚል ነው። ሦስት ሳምንት በቅጡ ያልተኛ፣ አራጣ የተበደረ፣ ከሚስቱ ምስጢር የያዘ ሰው እንዲህ ያለ ሐሳብ ቢመጣበት አይገርመኝም። ሙቀት ክፍል በር ላይ ከሚጠብቁት ወላጆች ይህ ሐሳብ የመጣበት አንተ ብቻ እንዳልሆንክ እርግጠኛ ነኝ፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ስለሌለ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ልጅህን ማየት ያቃተህ መሆኑ። ሐሳቡ መጥቶ ሄዷል። ከልጁ መራቅህ ከቆየ ግን አንተንም እሱንም ይጎዳል። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስለ ብሩ የጻፍክልኝ ቁጭ ብለህ በዝርዝር ነው። ስለ ልጁ የጻፍከውን ግን በሩጫ አልፈኸዋል። «ማሽኑ የወጣለት ከአራት ቀን በፊት ነው» አልክ። ክብደቱም ከተወለደበት በላይ ሆኗል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሐኪሙ አስቀምጦ አስረድቶሃል? ወይስ ሰሞኑን የምታወራው ከሒሳብ ክፍል ጋር ብቻ ነው? እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ልጁንም አላየሁትም። ግን «ልጅ ወይስ ቤት» ከማለትህ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ። ልጁ ዛሬ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ያንን ለማግኘትስ የግድ በቀን 12 ሺህ ብር መክፈል አለብህ?

በ29 ሳምንት ለተወለደ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትልቁ ፈተና ሳንባው ነው። ሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ተጣብቀው እንዳይቀሩ የሚያደርግ ሰርፋክታንት የሚባል ነገር አለ። ያለ ቀኑ ለመጣ ልጅ ይህ ገና አልሞላለትም። አየር የሚገፋው ማሽን የተደረገለት ለዚህ ነው። የዓለም ሕክምና ይህን ለማሸነፍ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። የመጣው ከቀኑ አምስት ሳምንት ተኩል ቀድሞ ነው። 2 ኪሎ ከ100 ይመዝን ነበር። በዚሁ በሳንባ ችግር በሁለት ቀን ውስጥ ሞተ። ገንዘብ ጠፍቶ አልነበረም፤ በገንዘብ የሚገዛው ሕክምና ገና አልተገኘም ነበር። ያንተ ልጅ ሲወለድ ከዚያ ልጅ ግማሽ ብዙም አይበልጥም። ያንን ፈተና ግን አልፎታል። ለዚያ የከፈልከው ብር ሜዳ ላይ አልፈሰሰም።

አሁን ያለበት ሌላ ደረጃ ነው። 32 ሳምንት ገደማ ሆኖታል። መሞቅ አለበት፣ መብላት አለበት፣ ከኢንፌክሽን መጠበቅ አለበት። በዚህ ዕድሜ መተንፈስ የሚረሱበት ጊዜ ስላለ የሚከታተለው ሰው ያስፈልገዋል። ለዚህ የሚሰጠው መድኃኒት ካፌይን ነው፤ አዎ፣ ቡናችን ውስጥ ያለው ያው ካፌይን፣ በሐኪም ተለክቶ። መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን አንድ ላይ ማስኬድ የሚችለው ብዙ ጊዜ 34ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። እስከዚያ ቱቦው ይቆያል። ለዚህ ሁሉ ጥሩ ነርስ፣ የታጠበ እጅ፣ የእናት ወተትና የሰው ገላ ያስፈልጋል። ውድ ማሽን የሚጠይቀው ጊዜ፣ ሐኪሙ ካረጋገጠልህ፣ በአብዛኛው አልፏል።

የሰው ገላ ያልኩት በምክንያት ነው። ነርሶቹ «ካንጋሮ» ሲሉ ሳትሰማ አትቀርም። ልጁ ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጎ በእናቱ ወይም በአባቱ ባዶ ደረት ላይ ይታሰራል። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ከተማ ነው። ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የሚሠሩበት ሆስፒታል ኢንኩቤተር አልበቃ ብሎት ሕፃናት ተደራርበው ይተኙ ነበር፤ በኢንፌክሽንም ያልቁ ነበር። የኛን አገር ታሪክ አይመስልም? እዚሁ ጥቁር አንበሳም ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው አጥንተውት እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። ካንጋሮ ቶሎ የተጀመረላቸው ሕፃናት ከሌሎቹ በተሻለ በሕይወት ተርፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ደግሞ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይደረግ ይላል። ማሽን ያጣ ሰው የሚያደርገው አድርገህ እንዳታየው። ማሽን የሞላቸው አገሮችም ያደርጉታል።

የአባት ደረትም ያሞቃል። ልጄን ማየት አቃተኝ ላልከው፣ እኔ ከምጽፍልህ ሁሉ ሸሚዝህን ከፍተህ አንድ ሰዓት አቅፈኸው መቀመጥ የሚሻል ይመስለኛል። ነገ ነርሷን ጠይቃት።

እንግዲህ ፈርሞ ማውጣት? አይሆንም። ይህን በገር ቃል ማለት አልችልም። በቱቦ የሚበላ፣ 1 ኪሎ ከ280 የሚመዝን ልጅ ቤት ውስጥ ሊበርደው ይችላል። ወተቱ ሊያንቀው ይችላል። ሌሊት ትንፋሹ ቆሞ ማንም ሳያውቅ ሊነጋ ይችላል። እናትህ በሰባት ወር ተወልደው ያደጉ ልጆችን አይተው ይሆናል፤ አሉም። ያላደጉት ግን ለወሬ አይተርፉም። እኔ እናትህን አልፈርድባቸውም። የሚያስፈራቸው ነገር አለ፤ እሱን ደግሞ ለብቻው ማየት አለብን።

ፈርሞ በማውጣትና ሪፈር በማስጻፍ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ደብዳቤህ ላይ ሪፈር የሚለውን ቃል አጣሁት። ያን ሌሊት አልጋ የለም ስለተባልክ በሩ ለዘለዓለም የተዘጋ መስሎህ ይሆናል። የጨቅላ ክፍል አልጋ በየቀኑ ይለቀቃል፣ በየቀኑም ይያዛል። መሃል ከተማ ላይ ጋንዲ፣ ጥቁር አንበሳ፣ ዘውዲቱ፣ የካቲት 12 አሉ። ትንሽ ወጣ ስትል ጳውሎስ አለ። ሁሉም የጨቅላ ሕፃናት ክፍል አላቸው። ልጁን አቅፈህ በራይድ ከበር በር እንዳትዞር ብቻ። መንገዱ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን ይጽፋል፤ ደውሎ አልጋ መኖሩን ያረጋግጣል፤ ልጁ ሙቀቱን ጠብቆ በአምቡላንስ፣ ከነርስ ጋር ይሄዳል። በመንግሥት ሆስፒታሎች ሊያዘን የሚባል ቢሮ አለ፤ የሪፈርና የአልጋ ጉዳይ የሚያልፈው በሱ በኩል ነው። አንተም ጠዋት ጠዋት በአካል ሄደህ ጠይቅ። እዚህ አገር ስልክ ብቻውን ብዙ አይገፋም።

እዚያ የሚጠብቅህንም ልንገርህ፣ በኋላ እንዳትደነግጥ። አንድ አልጋ ላይ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ሕፃናት ልታይ ትችላለህ። ባለቤትህ ወንበር ላይ ልታድር ትችላለች። አንተን ከጉብኝት ሰዓት ውጭ ላያስገቡህ ይችላሉ። «ይህ መድኃኒት የለም፣ ውጭ ግዛ» ይሉሃል። መጨናነቅ ባለበት ኢንፌክሽንም አለ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። በሌላ በኩል ክፍያው ከግሉ ጋር አይወዳደርም። እንደ ልጅህ ያሉ ሕፃናትን በየቀኑ የሚያዩ ሐኪሞችና ነርሶች ያሉት እዚያ ነው። ካንጋሮ ክፍልም አላቸው ወይ ብለህ ጠይቅ። ጤና መድን አላችሁ? ከሌላችሁ ወረዳ ሂድና ምዝገባው መቼ እንደሆነ ጠይቅ፤ ወቅት አለው። የመንግሥት ሆስፒታሎች ሶሻል ወርከርም አላቸው፤ አቅም ላጠረው ሰው በምን እንደሚረዱ ከነሱ መስማት አያሳፍርም።

የግሉ ሆስፒታል ሐኪም «አሁን ባይንቀሳቀስ ይሻላል» ካለህ ለምን ብለህ ጠይቅ። ምክንያቱ የልጁ ጤና ከሆነ ስማው፤ ስንት ቀን እንደሚሆንም ገምቶ እንዲነግርህ ለምነው። «አምስት ቀን» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «እናያለን» ማለት ሌላ ነው። ገንዘቡን ደግሞ ከካሸሯ ጋር አትጨቃጨቅ፤ እሷ የምትወስነው ነገር የለም። ሥራ አስኪያጁን ወይም ሜዲካል ዳይሬክተሩን ጠይቀህ ግባ። የየቀኑን ሒሳብ ዝርዝር አስወጣ። የትኛው ምርመራ የግድ በየቀኑ እንደሚደረግ፣ የትኛው በሁለት በሦስት ቀን ቢሆን እንደሚቻል ሐኪሙ ይንገርህ። ቅናሽ ጠይቅ። የቀረውን በየወሩ ለመክፈል ተስማማ፤ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን።

ሐኪሙ እኔ ካልኩት ሌላ ነገር ቢልህስ? አንጎሉ ውስጥ ከባድ ደም መፍሰስ አለ ቢል፣ ወይም ወደ ማሽኑ ተመልሶ ሊወጣለት ካልቻለ? እንዲህ ያለ ነገር ከጻፍክልኝ ውስጥ አይታይም። ግን ሌሊት ሌሊት የምታስበው እሱን ሊሆን ስለሚችል ዝም ብዬ አላልፈውም። ያን ጊዜ ጥያቄው ሌላ ይሆናል። የምናደርገው ሕክምና ልጁን ወደ ማደግ ይወስደዋል ወይስ ሥቃዩን ብቻ ያረዝማል? ሀብታም አገር ያሉ ወላጆችም ይህ ጥያቄ ይደርሳቸዋል። ከሐኪሞቹ ጋር ተቀምጠው ማሽኑ ይቁም፣ ሕመሙ ይታገሥለት፣ እቅፋችን ውስጥ ይሁን ብለው የሚወስኑ አሉ። ልጃቸውን ጣሉ የሚላቸው የለም። እንዲህ ያለ ውሳኔ ግን ሐኪም ባለበት፣ እናትም አባትም ተቀምጠው፣ የልጁ ሁኔታ ግልጽ ሆኖ ነው የሚወሰነው። ካሸር መስኮት ላይ አይወሰንም። አንተ የተያዝከው እዚያ መስኮት ላይ ነው፤ ለዚህ ነው ጥያቄው ሁሉ የብር መስሎ የታየህ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ድሃ አገር ውስጥ በ32 ሳምንትና ከዚያ በፊት ከሚወለዱ ሕፃናት ግማሾቹ ይሞታሉ። ሀብታም አገር ውስጥ ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ ይተርፋሉ። የሚሞቱት ደግሞ ሙቀት፣ ጡት ለማጥባት የሚረዳ ሰው፣ ለኢንፌክሽንና ለትንፋሽ የሚሆን መሠረታዊ ሕክምና አጥተው ነው። ይህን ሁሉ አንድ ሞባይል ጠጋኝ በወርቅና በአራጣ ሊሸፍነው አይችልም። የልጅህን መዳን በሙሉ ያንተ ኪስ ዕዳ አድርገህ አትቁጠረው።

ወደ ቤቱ ልመለስ። አማትህ ያሉት እውነት ነው፤ ልጅ አይገኝም። ግን ምርጫው ቤት ወይስ ልጅ መሆኑ ገና አልተረጋገጠም። በውክልና፣ በችኮላ፣ ደላላው ጭንቀትህን እያየ የሚሸጥ ቤት ዋጋው ግማሽ ነው። የባንኩ ዕዳ ደግሞ በስምህ ይቆያል። ሪፈሩ ከተሳካ መሸጥ ላያስፈልግህ ይችላል። ልጁ ለተወሰነ ቀን የግድ እዚያው መቆየት ካለበት ቀኑን በብሩ አባዛና ጉድለቱ ስንት እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፈው። ጉድለቱ 80 ሺህ ከሆነ ለ80 ሺህ ብሎ ቤት የሚሸጥ የለም። ይህን ሁሉ ሞክረህ ሌላ መንገድ ከጠፋ፣ ያኔ አንተና ባለቤትህ ተስማምታችሁ ብትሸጡት ሞኝ የሚላችሁ ሰው እኔ አይደለሁም።

አራጣው ግን ዛሬውኑ ያስጨንቀኝ ጀምሯል። በወር 10 ሺህ ብር ወለድ ብቻ ትከፍላለህ፤ ዋናው ንቅንቅ ሳይል። ማበደሩም በሕግ ወንጀል ነው። ከሌሎቹ ዕዳዎች ሁሉ ቀድሞ መዘጋት ያለበት ይህ ነው። ስታዲየም ከምትሠሩት ሰዎች ጋር እቁብ አላችሁ? ካላችሁ ለዳኛው ንገረው። ለተቸገረ አባል ዕጣ መልቀቅ ያለ ነገር ነው። የእናትህ እድርስ? እድራችን ለሞት ድንኳን ተክሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ የሚመጣ ሆኖ ለታመመ እጁ ማጠሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቢሆንም አሁን አሁን ለታመመም የሚያዋጡ አሉ። መጠየቅ ብር አያስወጣም። ጓደኞችህም እንደ ብድር ያልሰጡህን እንደ እንኳን ማርያም ማረችልህ ሊሰጡህ ይችላሉ።

የቲክቶኩን ነገር እናቱ ሳትስማማ አታድርጉት። ለምን እንዳለቀሰች ጠይቀሃታል? ልመናው አሳፍሯት ሊሆን ይችላል። ምናልባትም ልጇ ቱቦ እንደተሰካበት ሰው ሁሉ እንዲያየው አልፈለገች ይሆናል። ያ ፎቶ አንዴ ከወጣ አይመለስም፤ ልጁም አንድ ቀን ያየዋል። የግድ ከሆነ የሚያውቋችሁ ሰዎች ባሉበት ቴሌግራም ግሩፕ፣ ያለ ልጁ ፎቶ፣ የሆስፒታሉን ሒሳብ ብቻ አያይዛችሁ ጠይቁ። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩም በሁለታችሁ ስም የተከፈተ ይሁን።

ከባለቤትህ የደበቅከውን ንገራት። ሒሳብ ሠራተኛ ናት እኮ! የወለዱን ስሌት ካንተ ቀድማ ትሠራዋለች። ትቆጣለች፣ ምናልባት በጣም። ግን ሌላ ሰው ከነገራት የባሰ ነው፤ አራጣ አበዳሪ ደግሞ ቀኑ ሲያልፍ በር ማንኳኳት ያውቃል። ጊዜዋን ብቻ ምረጥ። ወተቷን ልታልብ ስትል ወይም ሌሊት ደክሟት ሳለ አይሁን። ደግሞስ የሷን ግፊት ማን እየለካው ነው? ከወሊድ በኋላም ግፊት ሊጨምር ይችላል። ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የሆድ ሕመም ካላት ዛሬውኑ ትታይ። የወሊድ ፈቃዷ 90 ቀን ከወለደችበት ቀን ጀምሮ ነው የሚቆጠረው፤ ልጁ ቤት ሲገባ ግማሹ ሊያልቅ ይችላል። ከአለቃዋ ጋር ከወዲሁ ትነጋገር፤ የዓመት ዕረፍቷ ካለ አስከትላ እንድትወስድ።

እናትህን በተመለከተ አንድ ቀላል ነገር አለ። «ክርስትና ሳይነሳ» ያሉት የምራቸውን ነው። የንስሐ አባታችሁን ይዘህ አነጋግር። ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ላለበት ሕፃን አርባ ቀን ሳይሞላው ጥምቀት እንደሚፈቀድ እሳቸው ያስረዱዎታል ብለህ ለእናትህ ንገራቸው። ሆስፒታሉ እንዴት እንደሚፈቅድም አብረህ ጠይቅ። እናትህ ይህ ፍርሃት ከወረደላቸው «አውጣው» ማለታቸውን ሊተዉ ይችላሉ። ትንሿ ልጅህ እሳቸው ጋር ስለሆነች እሷንም ደግፈው የያዙልህ እሳቸው ናቸው። ለልጅቷ ግን ወንድሟ ትንሽ ሆኖ እንደተወለደና ሐኪሞች እያሳደጉት እንደሆነ ራስህ ንገራት። ሰው ሲንሾካሾክ እየሰማች ነው።

ነገ ጠዋት ሱቅ ከመግባትህ በፊት የልጁን ሐኪም አግኝ፤ ከባለቤትህ ጋር ሆናችሁ። ያለ ኦክስጅን እየተነፈሰ ነው? ትንፋሹ የቆመበት ቀን አለ? አንቲባዮቲኩ አልቋል? የአንጎል አልትራሳውንድ ተነስቷል፣ ምንስ አሳየ? ካንጋሮ ዛሬ መጀመር እንችላለን? በሪፈር ለመሄድ ደርሷል ወይ? መልሱን ጻፈው። ጭንቀት ላይ ያለ ሰው የሰማውን ደረጃው ላይ ሲደርስ ይረሳዋል።

አንድ ሌላ ነገር፤ የዓይኑን ምርመራ። ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት የዓይናቸው የደም ሥር አለቦታው ሊያድግ ይችላል፤ ኦክስጅን ሲበዛ ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና 50ዎቹ በየኢንኩቤተሩ ኦክስጅን እንደ ልብ የነበራቸው ደህና ደህና ሆስፒታሎች ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት የታወሩት በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የተወለደው አሜሪካዊው ዘፋኝ ስቲቪ ዎንደርም አንዱ ነው። ዛሬ በጊዜ ከታየ ይታከማል። በ29 ሳምንት ለተወለደ ልጅ የመጀመሪያው ምርመራ የሚደረገው ከተወለደ አራተኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ ያንተ ልጅ ማለት በሚመጣው ሳምንት ነው። ሪፈሩ ከተፈቀደ ጉዞው ዓርብ ከሰዓት ወይም ሌሊት ሳይሆን በሥራ ቀን ጠዋት እንዲሆን ጠይቅ። የዓይን ምርመራው ገና እንዳልተደረገለትም ወረቀቱ ላይ ይጻፍልህ። በዝውውር መሃል የሚረሳው እሱ ነው።